ጀነራሉ አንዴ ብቻ ሲተነፍስ

ማክሰኞ፣ የካቲት 3። ማታ፣ መርሳ።

ደክሞኛል፤ ሳልጽፍ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም። ይቺን ከአንቺ ሌላ ማንም እንዳይሰማት፣ ማስታወሻዬ። የመጽሔቱ አንባቢዎች በተለይ። ዛሬ ወልድያ፣ አያ ሙሄ ጋራዥ፣ ከወንድሜ ከይመር መኪና ኋላ ቆሜ ፎቶ ሳነሳ እሱ ፍሬኑን ረግጦ ለቀቀው። መኪናው ጭሽሽ አለ። እኔ የጋራዡን በር አልፌ አስፋልት ላይ ተገኘሁ። አንድ ጫማዬ ከጎማው ሥር ቀረ። ባጃጅ የሚጠብቁ ሴቶች በሙሉ አዩኝ። አንዷማ አወቀችኝ፤ ስለ ትዳር የምትጽፊው አይደለሽም ወይ አለች። አይደለሁም ማለት አማረኝ።

አያ ሙሄ አልሳቁም። ዋጥ አደረጉት። ጫማዬን ይዘው መጥተው፣ አየር ነው፣ አይናከስም አሉ። የአባባ የድሮ ባልደረባ ናቸው፤ በጦሩ ዘመን አብረው ነድተዋል። ዛሬ ወልድያ ውስጥ እንደ ይመር አሮጌ የጦር መኪና የገዛ ሁሉ የሚሮጠው ወደ እሳቸው ነው። ካልገባሽ አልለቅሽም ብለው ከመኪናውና ከተሳቢው መሀል አቆሙኝ።

እንዲህ ነው። መኪናውና ተሳቢው በሁለት ቱቦ ይገናኛሉ። አንደኛው ዘወትር አየር አለበት፤ የተሳቢውን የአየር በርሜል ይሞላል። ሁለተኛው ባዶ ነው፤ ሹፌሩ ፍሬን ሲረግጥ ብቻ አየር ይሄድበታል፤ ተሳቢው "ያዝ" የሚለው ይደርሰዋል። በወታደር አነጋገር አስረዱኝ፦ አንዱ ቀለብ፣ ሌላው ትእዛዝ። ቢለዋወጡ ተሳቢው ጉድ ይሠራል። ደግሞ እያንዳንዱ ቱቦ መኪናው ላይ በሚገጠምበት ቦታ ትንሽ መዝጊያ አለው። እጀታው ቱቦውን ተከትሎ ከተኛ ክፍት ነው፤ ከተጋረጠ ዝግ። ተሳቢው ሲፈታ ይዘጋል፤ ሲገጠም ይከፈታል። በቃ።

ቀለብ ብቻ ያለበት ቤት፣ ትእዛዝ ብቻ ያለበት ቤት። ለዓምዴ የሚሆን ነገር አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። ሁሉ ነገር ለዓምድ ይሆናል ብሎ ማሰብ ክፉ አመል ነው።

ከሰዓት ይመር እየነዳ፣ እኔ ጋቢና፣ መርሳ ገባን። አባባ እንደ ወትሮው በር ላይ፣ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ባለፈው ክረምት ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም፤ ቃልም ከአፋቸው አይወጣም። ይመር መኪናውን አቁሞ ፍሬኑን ለቀቀ። ጭሽ። ጭሽ። አባባ ሳቁ። በድምፅ። ግራ እጃቸውን አንስተው እንደ ወታደር ሰላምታ ሰጡት። እማዬ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ስንት ወር ነው ያን ሳቅ ያልሰማነው።

ሐሙስ፣ 5። ከሰዓት በኋላ።

ግቢው ቀለም ቀለም ይሸታል። ይመር የመኪናውን ቀለም ሳልቀይር አልጭንበትም አለ። እውነቱን ነው። በዚህ መንገድ ስንቱ ጦር አልፏል፤ ሰው የጦር ቀለም ያለው መኪና ሲያይ ልጁን ጠርቶ ወደ ቤት ያስገባል። ስለዚህ ሰማያዊ፣ ጠርዙ ቢጫ። ቀቢው ጌታቸው ነው፤ የመርሳን ባጃጆች ጀርባ ሁሉ ያሳመረው። ሲቀባ የምላሱን ጫፍ ያወጣል። አንድ ቡሎን እንኳ አይምርም። ይመር እንደተማረው መዝጊያዎቹን ዘግቶ፣ ቱቦዎቹን አውልቆ፣ ተሳቢውን ፈታለት። ጌታቸው ደግሞ ብሩሽ የማይደርስበትን ሁሉ እየፈታ፣ እያጠበ፣ እየቀባ የልብስ ገመድ ላይ ያሰጣል። የመብራት ክፈፍ፣ መሰላል፣ እጀታ፣ ምኑ ቅጡ። እማዬ ዛሬ ልብስ የምታሰጣበት አጣች።

ከተማው ስም አውጥቷል። መኪናው ጀነራሉ። ተሳቢው ባለቤቱ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ናቸው ያወጡት፤ ያለ ደሞዝ የሚሠሩ ጋዜጠኛ። ጀነራሉ ጡረታ ወጥቶ ሽንኩርት ሊሸከም ነው፣ ይላሉ። ባለቤቱም ከኋላ ከኋላ እየተከተለች።

እኔም እስቃለሁ። ይመር ግን አይስቅም። ከሳዑዲ ተመልሶ ያለ ሥራ ሲንከራተት የቆየ ሰው ነው፤ ያለውን ሁሉ እዚህ ብረት ላይ አፍስሷል። በግራና ከተማ በኩል ያሉ ገበሬዎች ሽንኩርታቸውን እንዲጭንላቸው ተስማምተዋል። ይሄ ካልሆነ እንደገና ባሕር እሻገራለሁ ብሏል፤ በቀልድ አይደለም። ባሕር የሚል ቃል በተነሳ ቁጥር እማዬ የያዘችውን አስቀምጣ ትወጣለች።

ቅዳሜ፣ 7። ማታ።

ቀለሙ ደረቀ። ጌታቸው የፈታውን ሁሉ ገጠመ። አማረ፤ ውሸት አልጽፍም፤ ሙሽራ መሰለ። ይመር ተሳቢውን አሰረ፣ ቱቦዎቹን ገጠመ። አጎንብሼ አየሁ፤ ቀለቡ ከቀለብ፣ ትእዛዙ ከትእዛዝ። እጀታዎቹ ቱቦውን ተከትለው ተኝተዋል። ክፍት። ተማሪ ነኝ እኮ፤ ኮራሁ።

ከዚያ ሞተር ተነሳ። ግቢ ውስጥ ወደፊት፣ ወደኋላ። በሰላም ይቆማል። ጎረቤት አጨበጨበ።

አባባ ግን። ይመር ፍሬን ረግጦ በለቀቀ ቁጥር በትራቸውን መሬት ላይ ይመታሉ። ፊታቸው ጠቆረ። አፋቸው ይከፈታል፤ ምንም አይወጣም። ከዚያ ሁለት ጣት ያነሳሉ። ደግሞ ሁለት ጣት። ሞተሩ ሲጠፋ ዝም። ሲነሳ እንደገና።

መላ ምት ተጀመረ። እማዬ፦ ጦሩ ትዝ ብሏቸው ነው፤ ሁለት ጓደኞቻቸው በመኪና ላይ ሞተዋል። እትዬ ዘነቡ፦ ብረቱ የሰው ደም አይቷል፤ አልጠራም፤ ሁለት በግ ነው የሚሉት። ይመር፦ አላመኑኝም፤ ለሁለት ሰው የሚሆን ሥራ ለብቻህ ያዝክ ማለታቸው ነው። ሁላችንም የየራሳችንን ፍርሃት በሁለት ጣት ላይ ሰቀልን።

እኔማ የባስኩ ነኝ። አንድ ጊዜ ለዓምዴ የአእምሮ ሐኪም አነጋግሬ ነበር። እንደ ባለሙያ ቁጭ ብዬ ስለ ቆየ የጦርነት ትዝታ አስረዳኋቸው። ድምፅ ቀስቃሽ ነው፣ ከድምፁ ማራቅ ነው አልኩ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። በደንብ ስለምናገር ሰው ያምነኛል። ይሄ ነው መዘዙ።

ሰኞ፣ 9።

ትናንት ሼኹ መጥተው ዱዓ አደረጉ። ዛሬ የንስሐ አባታችን ጸበል ረጩ። መርሳ ነው፤ አንዱ ተደርጎ ሌላው አይቀርም። የእማዬ አባት እስላም፣ እናቷ ክርስቲያን፤ የሁለቱም በረከት ቢደርስ ማን ይጠላል። ጀነራሉ ተመረቀ። ባለቤቱም።

አባባ በምርቃቱ ጊዜ ጸጥ ብለው ነበር። ሞተሩ ሲነሳ ያው። በትሩ። ጣቱ። ይመር ተስፋ ቆረጠ፤ አባቴ እየተቆጡኝ እንዴት መንገድ እወጣለሁ አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ያኔ እኔ ተናገርኩ። ወንበራቸውን ጓሮ እናድርግላቸው፣ እዚያ አይሰሙም፣ ያርፋሉ። ለእሳቸው ብዬ። እውነት ለእሳቸው ብዬ።

ከነወንበራቸው አንስተን ስንወስዳቸው አባባ እኔን አዩኝ። በትራቸውን አላነሱም። ልጅ ሆኜ እቃ ስሰብር እንደዚያ ያዩኝ ነበር፤ ከመናገራቸው በፊት። አሁን ግን ከማየቱ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር የለም። ጓሮው ጥላ አለው፣ ማንጎ ሥር ነው፣ ንፋሱ ጥሩ ነው። ይሄን ሁሉ ለራሴ ነገርኩት።

ረቡዕ፣ 11። ጠዋት።

ይመር ዛሬ የመጀመሪያ ጭነቱን ሊያመጣ ወጣ። ባዶ ተሳቢ ይዞ ወደ ግራና። ከገበያው በላይ ካሉት ማሳዎች ነው የሚጭነው። እማዬ እስከ መንገድ ሸኘችው፤ ሰው ሁሉ እጁን አወዛወዘ።

ከጓሮ ደግሞ ድምፅ። አባባ የቆርቆሮውን አጥር በበትር ይደበድባሉ። ሮጬ ስደርስ በትሩ ተሰብሯል፤ ግማሹን ይዘው አሁንም ይመታሉ። እጃቸውን ያዝኩ። ይሄዳል አባባ፣ በሰላም ይመለሳል አልኩ። እጃቸውን አስለቀቁኝ። ሞተሩ እስኪርቅ እያዳመጡ ቆዩ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

አያ ሙሄ ጋ ልደውል ብዬ ተውኩት። ምን እላቸዋለሁ፣ የታመሙ አባታችን ተቆጡ ልበላቸው?

ያው ቀን፣ ማታ።

በሕይወት አለ። ከሁሉ በፊት ይሄን ልጻፍ። በሕይወት አለ።

ሽንኩርቱን ጭኖ ቁልቁለቱን ሲጀምር ፍሬን ያዘ፤ መኪናው ታዘዘ፣ ተሳቢው አልሰማም። ከነሸክሙ ከኋላ ገፋው። ይመር እንደነገረኝ፣ ሰው በሁለት እጁ ጀርባህን ሲገፋህ እንደማለት ነው። ታች መንደር አለ። መሪውን ወደ ተራራው በኩል አጥፎ ከታረሰ ማሳ ውስጥ ገባ። ተሳቢው ተገለበጠ። ግራ ክንዱ ተሰበረ። ከእሱ ሌላ የተጎዳ ሰው የለም፤ ለብቻው ነበር።

ሐኪም ቤት ስንደርስ ስለ ክንዱ አላወራም። አባባ ምን አሉ ብሎ ጠየቀኝ።

አርብ፣ 13።

ሽንኩርቱ በቁልቁለቱ ሙሉ ተበትኖ ነበር። ገበሬዎቹ፣ ሴቶቹ፣ መንገደኛው፣ በነጠላና በኩርቱ ፌስታል ለቅመው መንገድ ዳር ቆለሉት። አንድ ራስ አልጎደለም አሉ። ተሳቢውንም በገመድና በትከሻ ገልብጠው አቆሙት። አንድ አዛውንት ሙስሊም ገበሬ እኔን አይተው፣ አላህ ልጃችሁን መልሶላችኋል፣ ሽንኩርት ምን ይላል አሉኝ። የእሳቸው ሽንኩርት ነው።

ከተማው ግን ወሬ ይዟል። እትዬ ዘነቡ፦ ብያለሁ፣ ደሙ ነው። ሌላው፦ ልጁ ቁልቁለት አያውቅም፣ ሳዑዲ ግመል ሲጠብቅ ነው የኖረ። ይመር ይሄን ሰምቷል። ክንዴ ሲድን እሄዳለሁ አለ። ወዴት እንደሆነ አልጠየቅነውም።

አባባን ወደ በር መለስናቸው። ወንበራቸውን በግራ እግራቸው ገፍተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። መንገዱን አያዩም። ከእኔ እጅ ምግብ አይቀበሉም። እማዬ ስታጎርሳቸው ይበላሉ።

ሰኞ፣ 16። ከሰዓት በኋላ።

አያ ሙሄ ከወልድያ መጡ። ጀነራሉ ተጎትቶ ግቢያችን ገብቷል፤ ፊቱ ተጣሟል፣ ሞተሩ ግን ይነሳል። ባለቤቱም አለች። አያ ሙሄ ቱቦዎቹን እንደነበሩት ገጠሙ። ልክ ነው አሉ። እጀታዎቹን አዩ፤ ክፍት። ይሄም ልክ ነው። ከዚያ ከተሳቢው ሥር ገብተው የአየር በርሜሉን ማስተንፈሻ ፈቱ። ፉ እንኳ አላለም። ባዶ። ከቀለም በኋላ አንድም ቀን አየር አልገባበትም ነበር።

ከዚያ አንዱን እጀታ በቁልፍ ፈትተው አነሱት። እጀታው የሚሰካበት ብረት አራት ማዕዘን ነው፤ በፈለጉት በኩል ይገባል። ብረቱ አናት ላይ ቀለም ሞልቶታል። በጥፍራቸው ፋቁት። ከቀለሙ ሥር ጭረት ወጣች፤ እውነተኛው አቅጣጫ በዚያች ነው የሚታወቀው። ጭረቷ ተጋርጣለች። ዝግ። ሁለተኛውም እንዲሁ። እጀታዎቹ ክፍት ነን ይላሉ፣ ውስጡ ዝግ።

ጌታቸው ተጠራ። ነገሩ ወዲያው ገባው። ለመቀባት ሲፈታቸው መዝጊያዎቹ ተዘግተው ነበር፤ ሲመልስ ግን መኪናው በመጣ ቀን እንዳያቸው፣ ቀጥ አድርጎ ገጠማቸው። እንዳማረባቸው። ይመርም ሲያያቸው ክፍት ናቸው ብሎ አልነካቸውም። ጌታቸው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ማንም አልተቆጣውም። እኔ በምን አፌ? አጎንብሼ አይቼ ኮርቼ የለ።

ጀነራሉም ግቢ ውስጥ የቆመው በራሱ ፍሬን ነበር። ባዶ ተሳቢ ሜዳ ላይ ምን ይገፋል። ስንጨበጭብ የነበረው ለግማሹ ነው።

ግን የከበደኝ ይሄ አይደለም። አያ ሙሄ መዝጊያዎቹን ከፈቱ፣ ሞተር አስነሱ፣ በርሜሉ እስኪሞላ ጠበቁ። ጋቢና ወጥተው ፍሬን ረግጠው ለቀቁ። ጭሽ፣ ከመኪናው። ጭሽ፣ ከኋላ፣ ከተሳቢው። ወርደው እጃቸውን እየጠረጉ፣ ተራ ነገር እንደሚናገር ሰው፣ "ሁለቴ መተንፈስ አለበት፤ አንዴ ብቻ ከተነፈሰ ተሳቢው የለህም ማለት ነው" አሉ።

ሁለት ጣት።

አባባ መኪናው በመጣ ማክሰኞ የሳቁት ሁለቴ ሲተነፍስ ሰምተው ነበር። ቀለሙ በደረቀ ቅዳሜ የተቆጡት አንዴ ብቻ ስለሰሙ። ልጅ ሳለን እራት ላይ ተቀምጠው በአስፋልቱ የሚያልፈውን መኪና በጆሯቸው ብቻ ሰምተው፣ ይሄ ሰውዬ ፍሬኑን ሳያሳይ ደሴ ባይሄድ ጥሩ ነው ይሉ ነበር። እኛ እንስቅ ነበር። ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። አውቄ ነው ጓሮ ያስቀመጥኳቸው።

ለአያ ሙሄ ነገርኳቸው። ስለ በትሩ፣ ስለ ጣቱ፣ ስለ ማንጎው ጥላ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ምነው ልጄ፣ አንዴ ብትደውዪልኝ" አሉ። በቁጣ አይደለም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ 18።

ለይመር ነገርኩት። ክንዱ አንገቱ ላይ እንደታሰረ ሄዶ ከአባባ ፊት ቆመ። ሰምተንዎት ቢሆን፣ አባባ፣ አለ። ሌላ አልወጣውም። አባባ ግድግዳውን ያያሉ። ጫማቸውን ሳመ። እግራቸውን ሰበሰቡ። ወደ ኋላ፣ ከወንበሩ ሥር።

አልገባቸውም ይሆን ብላ እማዬ ተስፋ ታደርጋለች። ገብቷቸዋል። እኔም ሞከርኩ። ጮክ ብዬ፣ ቀስ ብዬ፣ በእንባ። ብዙ ቃል አለኝ፤ እሳቸው አንድም የላቸውም፤ ይሄ ራሱ ነውር መሰለኝና ተውኩት። ዛሬ ከእማዬ እጅም አልበሉም። ውሃ ብቻ።

አዲስ አበባ፣ መጽሔቱ ጋ ደወልኩ። የሚቀጥለውን ዓምድ አላደርስም አልኳቸው። ምን ላይ ልትጽፊ ነበር አሉኝ። ቤተሰብ ውስጥ ስለ መደማመጥ። ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ሳቁ አላማረም።

ሐሙስ፣ 19። ማታ።

እማዬ ነገሩን ለሽማግሌ አለች። አያ ሙሄና የንስሐ አባታችን አብረው መጡ፤ ይመርና እኔን አስቀምጠው መከሩን። እንደ አገሩ ወግ ይሁን፤ በዳይ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ከተበዳይ ፊት ይቅረብ። እስከዚህ ድረስ ተስማሙ።

ከዚያ ነገሩ ከበደ። ተበዳይ ይቅር ብያለሁ ማለት አለበት። በአፉ። አለበለዚያ እርቁ እርቅ አይሆንም አሉ የንስሐ አባታችን፤ እሳቸውም ከልባቸው ተጨንቀው ነው። አያ ሙሄ ጢማቸውን ያዙ። አባባን በስማቸው ጠርተው፣ አራጋው ቃል የለውም፣ እጅ ግን አለው አሉ። ድንጋዩን በግራ እጁ ከአንገት ላይ ካወረደ፣ ይቅር ብሏል። ካላወረደ እኛም አናስገድደውም፤ መብቱ ነው።

እማዬ ካላወረዱስ አለች።

ቀጥሎ፣ ማን ይሸከም። ይመር እኔ አለ። በተሰበረ ክንድ። እኔ ነኝ አልኩ። ሴት ድንጋይ ተሸክማ አይተን አናውቅም አሉ እማዬም ሌሎቹም። እኔም አይቼ አላውቅም። ግን ወንበሩን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ሐሳቡም የእኔ፣ እጄም ከፊት ነበር። ይመር ያጠፋው አባቱን አለመስማት ነው፤ እኔ እንዳይሰሙ አደረግኋቸው። ይሄንን ተናገርኩ። በቤታችን ሳላሳምር የተናገርኩት የመጀመሪያው ነገር ሳይሆን አይቀርም። የንስሐ አባታችን አያ ሙሄን አዩ፤ አያ ሙሄ መሬቱን አዩ። ትሸከም አሉ።

ይመር ተሸነፈ። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ጠብቆ፣ አባባ እምቢ ካሉ እሄዳለሁ፣ ከዚህ በኋላ ፊታቸውን ማየት አልችልም አለኝ። ስለዚህ ነገ ሳይሆን ከነገ ወዲያ፣ በአንድ ድንጋይ ላይ ያለው የእኔ አንገት ብቻ አይደለም።

ቅዳሜ፣ 21። ጠዋት።

ከወንዙ ዳር ድንጋይ መረጥኩ። እትዬ ዘነቡ አብረውኝ ሄዱ፤ ዛሬ ወሬ አላወሩም። ትንሹን፣ ለስላሳውን ያዢ አሉኝ። አነሳሁት፤ ለእሳቸው ግራ እጅ የሚሆን ክብደት ነው ብዬ ሳስብ ቆየሁ። ከባድ ከሆነ ቢፈልጉም ማውረድ አይችሉም። ቀላል ከሆነ ደግሞ የማስመሰል ነው። ስለ ድንጋይ እንዲህ ይታሰባል? መሀለኛውን ወሰድኩ።

አባባ ከረቡዕ ጀምሮ በደንብ አልበሉም። ጠዋት ፊታቸውን ሳጥብ አልከለከሉኝም፤ አላዩኝምም። ጺማቸውን ይመር በአንድ እጁ ላጨላቸው። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰዋል። ምን እንደሚደረግ የነገራቸው የለም፤ ጎረቤቱ ሲሰበሰብ ግን ይሰማሉ፤ ጆሯቸው አልታመመም።

መጡ። የንስሐ አባታችን መስቀላቸውን፣ አያ ሙሄ መቁጠሪያቸውን ይዘው። ጌታቸውም አለ፣ በር ላይ፣ መግባት ፈርቶ። እማዬ ግባ በሉት አለች።

ድንጋዩ ጠረጴዛው ላይ፣ አጠገብሽ ነው። እርጥበቱ ገጽሽን ነክቶታል። ጎንበስ ስል የማያቸው እግራቸውን ብቻ ነው የሚሆነው፤ እጃቸው ይነሳ አይነሳ አላይም፤ አንገቴ ነው የሚያውቀው።

ነጠላዬን አደግድጌያለሁ። ይመር ከኋላዬ ይቆማል። የምናገረው ነገር አላዘጋጀሁም። ምንም አልናገርም፤ ይሄን ወስኛለሁ።

እየጠሩኝ ነው። ድንጋዩን ቢያወርዱትም፣ አንገቴ ላይ ቢተዉትም፣ ማታ መጥቼ እንደሆነው እጽፍልሻለሁ፤ አንዲት ቃል ሳላሳምር።